ጋሽ በየነ እና ባለሁለት መስታወቷ መኪና

ሳራ በአማርኛ አታናግረኝም። ትሰማለች፣ ሁሉም ነገር ይገባታል፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ ነርስ ሆናለች፣ አሁንም ያው ናት። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት፣ አውቶቡሴን ዴፖ አስገብቼ እረፍት ክፍል ቁጭ እንዳልኩ ስልኬ ሲጮህ፣ አንስቼው ድምጿን በአማርኛ ስሰማ ደነገጥኩ። ቃሉን እየሰባበረች «ሙሉ፣ ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። መጨመርም አያስፈልጋትም ነበር፤ አባቷ ጋሽ በየነ ሞተዋል ማለት ነው።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሰውየውን ልንገራችሁ፤ እሳቸውን ሳታውቁ ያ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም።

የተዋወቅነው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። እኔ አዲስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ፣ እሳቸው የዚያው ዴፖ ነባር መካኒክ። በሱዳን በኩል የመጡ የድሮ ስደተኛ ናቸው። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ የሚያበጥሩ፣ በቱታቸው የደረት ኪስ ንጹሕ መሐረብ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ሰው ሁሉ ከሥራ በኋላ እጁን ይታጠባል፣ ጋሽ በየነ ግን ከሥራ በፊት በሳሙና ይታጠቡ ነበር። «ኧረ ጋሽ በየነ፣ ግሪስ ሊነኩ አይደል እንዴ?» ስላቸው፣ «የሰው ቤት ገብተሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ትቆርሻለሽ?» ይሉኛል። ለእሳቸው ሞተር መክፈት የሰው ቤት መግባት ነበር።

እኔ ደግሞ ስጋታም ነኝ፤ ይታወቅልኝ። በር ቆልፌ፣ ደረጃ ወርጄ፣ ተመልሼ መቆለፉን የማይ ሰው ነኝ። ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ካሳለች ሐኪም ቤት ሂጂ እያልኩ የማሰለቻት እኔ ነኝ። ጋሽ በየነ በሳምንቱ አወቁብኝና ስም አወጡልኝ፤ «ወይዘሮ ስጋት»። ስሙ በዴፖው ተዛመተ፣ ትርጉሙ የማይገባቸው ፈረንጆች ሳይቀሩ «ስጋት» ይሉኝ ጀመር።

በመጀመሪያው ክረምቴ ከአውቶቡሱ ሰሌዳ ላይ ቀይ መብራት በራ። ሞተሩ ሞቋል፣ ቁሚ ማለት ነው። እኔ ግን ካረፈድኩ ተሳፋሪ ይጮህብኛል፣ አለቃ ይቆጣኛል ብዬ ሰጋሁና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ነዳሁት። በማግስቱ ጠዋት ወርክሾፕ ጠሩኝ። ጋሽ በየነ በመሐረባቸው እጃቸውን እየጠረጉ ቆመዋል።

«ቁርስ በልተሻል?» አሉኝ።

«ኧረ ምን ቁርስ አለ ጋሽ በየነ! አውቶቡሱ እንዴት ሆነ?»

«ቁርስ በልተሻል ወይ ነው የምልሽ።»

አልበላሁም። ከምሳ ዕቃቸው አይብ ያለበት ዳቦ አውጥተው ግማሹን ሰጡኝ፣ እስክጨርስ ድረስ ከፊቴ ቆመው ጠበቁኝ። የመጨረሻውን ስውጥ፣ «እንግዲህ ስሚ» አሉ። «ሞተሩ ሞቷል። ቀይ መብራቱን እያየሽ ነው የነዳሽው። ጥፋቱ ያንቺ ነው።» አላለዘቡልኝም። አለቀስኩ። እሳቸውም፣ «በባዶ ሆድሽ ብነግርሽ ወድቀሽ ሌላ ሥራ ታመጪብኝ ነበር» አሉና አለቃው ቢሮ አብረውኝ ገቡ፣ ተቆጥቶኝ እስኪያበቃ ድረስ አጠገቤ ቆሙ።

ኋላ ሳጣራ ለሁሉም እንዲሁ ናቸው። ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ነው፤ በእሳቸው ቤት መርዶ ለማንም በባዶ ሆዱ አይነገርም ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ለሞተርም አደረጉት። ስዊድኑም፣ ሶማሌውም፣ ቱርኩም፣ ጋሽ በየነ መጥተው ቁርስ በልተሃል ወይ ካሉት ፊቱ አመድ ይመስላል።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ደወሉልኝ። «ቅዳሜ መኪናሽን ይዘሽ ነይ፣ የምናየው ነገር አለ» አሉ። ምን እንደሆነ ብጠይቅ አይነግሩኝም። ሁለት ሰዓት ያህል ነዳሁ። ገጠር ገባን፤ የእርሻ ማሳ፣ ቀይ የእንጨት ቤት። ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ወጥታ ወደ ጎተራው ወሰደችን። ስዊድኖች በአሮጌ የአሜሪካ መኪና አበዱ የምንላቸው ናቸው፤ በበጋ ቅዳሜና እሁድ ከየገጠሩ እያስጓሩ ይወጣሉ። የሴትዮዋም ባል አንዷን ከአሜሪካ በመርከብ አስመጥቶ፣ አድሳታለሁ እያለ ሳያስመዘግባት ሞተ። ሸራው ሲነሳ አቧራው አፈነን።

ኮርቬት ናት አሉኝ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ አፍንጫዋ የሾለ መኪና ናት። ጋሽ በየነ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሞተሯን አላዩም፣ መሪዋን አልነኩም፣ በቀጥታ ወደ ኋላዋ ሄደው የኋላ መስታወቷን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ ትከሻቸው ወደቀ።

«ቆርጠውታል» አሉ።

የዚህች መኪና ልዩነቷ እሱ ነው። የኋላ መስታወቷ አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር፤ ከጣሪያዋ የሚወርድ ቀጭን አከርካሪ መሃል ለመሃል ይከፍለዋል። እንዲህ ሆና የተሠራችው አንድ ዓመት ብቻ ነው። አከርካሪው ለነጂው ወደ ኋላ አላሳይ ስላለ፣ የዚያን ጊዜ ባለቤቶች አንዳንዶቹ ቆርጠው እየጣሉ አንድ ሙሉ መስታወት አስገቡባት። አሁን ያልተቆረጠች ማግኘት ጭንቅ ነው። ይችም ተቆርጣለች፣ ወንበሯን አይጥ በልቶታል፣ ሥሯ ዝጓል።

«ጋሽ በየነ ይቅርብዎ» አልኳቸው። «ይሄ መኪና አይደለም፣ ጣጣ ነው። ልብዎንም ያውቁታል።» ያኔ ልባቸውን ከተቀደዱ ገና ዓመት አልሞላቸውም።

«ወይዘሮ ስጋት፣ ዝም ብለሽ እዪ» አሉኝና ከሴትዮዋ ጋር ተጨባበጡ።

ምክንያቱን የነገሩኝ ስንመለስ ነው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው። ወጣት ሳሉ ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ይሠሩ ነበር። ስማቸው ታደሰ ነው፤ ጋሽ በየነ ግን እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ «ወንድም ጋሼ» እንጂ በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም። አንድ አሜሪካዊ እንዲህ ዓይነቷን መኪና ለጥገና አመጣ። ወንድም ጋሼ ጠግነዋት ሊሞክሯት ሲወጡ አሜሪካዊው አጠገባቸው ሊቀመጥ ሆነ፤ ሌላ ወንበር የላትም። በየነ ዓይኑ ቀረ። ወንድም ጋሼ ጥቅሻ ሰጡትና ባለቤቱ ሳይመጣ ከወንበሮቹ ኋላ ካለችው የዕቃ ቦታ ደበቁት። በጀርባው ተኝቶ በሁለቱ መስታወቶች ሰማይ ሰማዩን እያየ ፒያሳን ዞረ። ሲመለሱ አስነጠሰው፣ ተያዘ። የጋራዡ ጌታ ወንድም ጋሼን በዚያው ቀን አባረራቸው፤ ከዚያ በኋላ አሰብ መስመር ጭነት እየነዱ ወገባቸው ተሰበረ።

«አንድ ቀን አላነሳብኝም» አሉ ጋሽ በየነ። «አንድ ቀን! ስለዚህ አድሳታለሁ። ወንድም ጋሼን እዚህ አመጣና በአሜሪካዊው ቦታ አስቀምጠዋለሁ። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ባለቤት ይሆናል።»

«ሰማንያ ዓመታቸው አይደል እንዴ?» አልኩ።

«ሰማንያ አንድ» አሉ። የአንዱ ልብ ታሟል፣ ሌላው አርጅተዋል፣ መኪናዋ ከሁለቱም የባሰች ናት።

ከሚኖሩበት ሰፈር ከፊቲያ ብዙ ሳይርቅ ለመኪናዋ አንድ ክፍል ተከራዩ። እኔ እረፍት ሲኖረኝ ከምኖርበት ከቴንስታ በሰማያዊው መስመር ባቡር፣ ከዚያ በቀዩ ቀይሬ እሄዳለሁ። ስፌት ስለምችል የወንበርና የምንጣፍ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ሙሉ አራት ዓመት ፈጀብን። አካሏ ፋይበር ስለሆነ አይዝግም፣ ሥሯ ያለው ሻንሲ ግን እንደ ብስኩት ይፈረፈር ነበር፤ እየቆረጡ በየዱ። አከርካሪውን ከአሜሪካ ማዘዝ ይቻል ነበር፣ እምቢ አሉ። ቅርጹን ከእንጨት ጠርበው፣ ፋይበሩን ራሳቸው ደራርበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየዳበሱ አስተካከሉት። አምስት ጊዜ አፍርሰው ሠሩት።

እንጨቃጨቃለን። የማንጨቃጨቅበት ነገር አልነበረም። ቀለሙ ገርጥቷል እላለሁ፣ ዓይንሽ ነው ይሉኛል። ይረፉ እላለሁ፣ አንቺ እረፊ ይሉኛል። መድኃኒትዎን ይዋጡ ስላቸው በካቻቢቴው ይጠቁሙኝና፣ «ከልቤ ይልቅ ያንቺ ምላስ ነው የሚገድለኝ» ይላሉ። የተሳፋሪውን ወንበር ሦስት ጊዜ አስፈትተውኛል። ወንድም ጋሼን ወገቡን ስለሚያመው እዚህ ጋ ወፈር፣ እዚያ ጋ ሳሳ ይበል ይላሉ። አዲስ አበባ ደውለው የወንድም ጋሼን ጀርባ በገመድ አስለክተዋል። በዚያ ወንበር እኔ የሰፋሁት እንኳ እንድቀመጥ አልተፈቀደልኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የስልክ ቀን ነው። ሞተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳችም ቅዳሜ ነበር። ጋሽ በየነ ኮፈኑን ከፍተው ስልኩን ከሞተሩ አጠገብ ያዙት። ወንድም ጋሼ አዲስ አበባ ሆነው ዝም ብለው አዳመጡና፣ «አንዱ ካንዴላ አይነድም። በቀኝ፣ ወደ ኋላ ያለው» አሉ። ፈተሽን፤ እውነት ነው። ጋሽ በየነ እየሳቁ እንባቸው ወረደ። እኔ ግን በግምት ነው ያሉት አልኩና ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ።

የወንድም ጋሼ ቪዛ መጀመሪያ ተከለከለ። እንደገና ጠየቁ፣ ተፈቀደ። አርብ መኪናዋ የምዝገባ ምርመራ ታልፋለች፣ ፈረንጆቹ ቤሲክትኒንግ የሚሉትን፤ እሁድ ወንድም ጋሼ ይገባሉ። ቲኬቱን ግድግዳው ላይ ለጥፈውት ነበር። በዚያ ሰሞን እሳቸው ከደስታቸው ብዛት የማይበሉትን ያህል እኔ ከስጋት ብዛት አልተኛም። ፍሬኑ ባይዝስ? መርማሪው ቢከለክልስ? አውሮፕላኑ ቢቀርስ? የሰጋሁት ሁሉ ሳይሆን፣ ያልሰጋሁት መጣ።

ማክሰኞ ሳራ ደወለች። ወንድም ጋሼ ሰኞ አርፈዋል። ልጆቻቸው ለሳራ ነግረው፣ ለአባትሽ በስልክ እንዳትነግሪ ብለዋታል። በዚያው ቀን ከሥራ በኋላ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ግርማ ቤት ተሰበሰብን። ሳራ ቆማ ነበር የምትናገረው፣ በስዊድንኛ፣ ፊቷ ቀልቶ።

«የራሱ ወንድም ነው! አሁኑኑ የማወቅ መብት አለው። ቀብሩ እኮ አለፈው!»

«ልጄ፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም» አሉ አቶ ግርማ። «ዘመድ ከጎተንበርግ ይመጣል፣ ቄሱ ይኖራሉ፣ ሰው ይሰበሰባል። ልቡ ደግሞ የምታውቂው ነው፣ አንቺ ራስሽ ነርስ ነሽ። ቅዳሜ ሲነጋ እንነግረዋለን።»

«እስከዚያስ? እንዋሽ?»

ወደ እኔ ዞረች። እኔ እግሬን አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበርኩ፤ ያችን መኪና ሳይጨርሱ እንደ ምስማር የሚመታቸውን ቃል ፈራሁት። አቶ ግርማም፣ «ሙሉ፣ አንቺ እስከ ቅዳሜ አጠገቡ ሁኚ፣ ስልክ እንዳይደውል» ብለው ሸክሙን በእኔ ላይ አራገፉት።

ረቡዕ ጠዋት እረፍት ወስጄ ሄድኩ። ጋሽ በየነ እያፏጩ የበሩን እጀታ ይወለውላሉ። «ዛሬ ምነው ማለዳ?» አሉኝ። «እንዲሁ ልረዳዎት» አልኩ። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ቀለሙ ጥሩ ነው ወይ? ጥሩ ነው። ጎማውን ልቀይረው? ይቀይሩት። አንድ ወር ሙሉ ጣቴ እየደማ የሰፋሁትን ምንጣፍ እያዩ፣ «ይሄን ባነሳውስ? አልወደድኩትም» አሉ። «እሺ፣ ያንሱት» አልኩ። ቆም ብለው አዩኝ። ምንጣፉን አላነሱትም፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ማፏጨታቸውን ግን ተዉት። ይህን ያስተዋልኩት ኋላ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ሞተሯን አስነሱ። እንደ ትልቅ ድመት ታንጎራጉራለች፣ አንዲት እንከን የላትም። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ዛሬስ ቅዳሜ አልጠብቅም። ለወንድም ጋሼ ላሰማው።»

«ጋሽ በየነ!» ብዬ ጮህኩ። «አዲስ አበባ ኔትወርክ የለም አሉ። እኔም ጠዋት ለእህቴ ሞክሬ እምቢ አለኝ።»

ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ። ሞተሯ ታንጎራጉራለች።

«እሺ» አሉ፣ ስልኩን ከመሐረባቸው ኋላ ከተቱት፣ ሞተሩን አጠፉት። ከዚያ ወደ መታጠቢያው ሄዱ። ውሃው ሲፈስ፣ ሲፈስ ሰማሁ፣ ለእጅ መታጠቢያ በዛ። እኔ ሞኝ፣ ተሳካልኝ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

አርብ ጠዋት ምርመራው ቦታ ሄድን። መርማሪው ወጣት ስዊድን ነው። ከሥሯ ገባ፣ በመብራት ሻንሲውን አየ፣ በመዶሻ መታ መታ አደረገ። ፍሬኑን ሲሞክር ፊቱን ቋጠረ፤ ደገመው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ አላወቅኩም። ከዚያ መብራት አብሩ አለ። የዚህች መኪና መብራቶች ተደብቀው ነው የሚኖሩት፣ ሲፈለጉ ተገልብጠው ይወጣሉ። አንዱ ወጣ። ሌላው እምቢ አለ። «ወይ እመቤቴ!» አልኩ፣ ሰውየው ዞሮ አየኝ። ጋሽ በየነ ሄደው በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረጉበት፣ የጎረቤት በር እንደሚመታ ሰው። ወጣ። መርማሪው ሳቀ፣ ወረቀቱን ፈረመ፣ የኋላውን አከርካሪ በመዳፉ እየዳሰሰ፣ «ይሄን እጅህ ነው የሠራው?» ብሎ ጠየቃቸው። አራት ዓመት የጠበቅናት ቀን ናት። ጋሽ በየነ ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ከምርመራው ሕንፃ ኋላ ሰፊ ባዶ ግቢ አለ። ወደዚያ ነዷትና አቆሟት። ወርደው ቁልፉን ሰጡኝ።

«አንቺ ንጂ።»

«እኔ? ኧረ በስመአብ! እርስዎስ?»

«እኔ ኋላ ነኝ።»

የተሳፋሪውን ወንበር ጀርባ አጠፉት፣ ከኋላው ወዳለችው የዕቃ ቦታ መግባት ጀመሩ። በሰባ ሰባት ዓመታቸው! ክርናቸውን ይዤ፣ «ጋሽ በየነ ልብዎ! ፖሊስ ቢያየን መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ እንጀራዬ ነው!» እያልኩ እለምናለሁ። እሳቸው አንድ እግራቸውን አስገቡ፣ አረፉ፣ ሌላውን አስገቡ፣ አረፉ። በመጨረሻ ጉልበታቸውን አጥፈው በጀርባቸው ተኙ፣ ፊታቸው ከሁለቱ መስታወቶች ሥር ሆነ። የወንበሩን ጀርባ ራሳቸው መለሱት።

«ከግቢው አንወጣም። ቀስ ብለሽ ንጂ» አሉ።

ነዳሁ። አጠገቤ ሦስት ጊዜ ፈትቼ የሰፋሁት ወንበር ባዶውን ነው። በስፖኪዮ እሳቸውን ልፈልግ ብል አከርካሪው ብቻ ነው የሚታየኝ። አንድ ዙር ዞርን። ሁለተኛውን ስንጀምር ከኋላዬ ድምፃቸው መጣ።

«ሙሉ፣ ቁርስ በልተሻል?»

«አዎ» አልኩ።

«እንግዲህ ስሚ። ወንድም ጋሼ ሞቷል። አውቃለሁ። መኪናዋን አታቁሚ፣ በሁለተኛ ማርሽ ሂጂ።»

እንባዬ ዓይኔን ሞላው። «ማን ነገረዎት?» አልኩ።

«አንቺ ነሻ! አንድ ወር የሰፋሽውን ምንጣፍ ላንሳው ስልሽ እሺ አልሽኝ። በሃያ ዓመት አንድ ቀን እሺ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? የኔትወርኩንስ አምኜሽ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያ አቃጠሉኝ?» ተናደድኩባቸው፣ እውነቴን ነው። ከኀዘኔ ንዴቴ ቀደመ።

«መርዶው እንደ ወጉ ቅዳሜ ነው የሚሆነው፣ ነገ ሰው ይመጣል» አሉ። «ከጎተንበርግ ድረስ፣ ለእኔ ብሎ፣ ሥራውን ጥሎ። አውቄያለሁ ብላቸው ያፍራሉ፣ እንዳላሰቡልኝ ይሆናል። ደግሞም... ቲኬቱ እሁድ ነው አይደል? እኔ እስክሰማ ድረስ ወንድም ጋሼ እየመጣ ነው። እየመጣ ላለ ሰው መኪና ይወለወላል። እስከ ዛሬ እንዲመጣ አደረግኩት። ማንን ጎዳሁ?»

ማንንም አልጎዱም። ዞርን። ከኋላዬ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ከዚያ ትንፋሽ መሆኑ ቀረና ለቅሶ ሆነ፣ አፉን በመሐረብ የያዘ ሰው ለቅሶ። ስጋቴ የእሳቸው ልብ ይህን አይችለውም፣ አሁን ይሞቱብሻል፣ በዚህች ጠባብ ቦታ ምን ታደርጊያለሽ ይለኛል፤ እግሬ ግን እንዳሉኝ በሁለተኛ ማርሽ ሄደ።

«ያኔም እንዲህ ነበር የሚታየው» አሉ በመጨረሻ። «አሁን አውጪኝ፣ ጉልበቴ ደንዝዟል። ሙሉ፣ ነገ እኔ ምንም አልሰማሁም። ገባሽ?»

ቅዳሜ ሲነጋ ሃያ የምንሆን ሰዎች ጥቁር ለብሰን ፊቲያ ደረጃውን ወጣን። ጋሽ በየነ በሩን ሲከፍቱ ጸጉራቸው ተበጥሯል፣ ተላጭተዋል፤ ያስተዋለ ግን አልነበረም። ቄሱን አዩ፣ አቶ ግርማን አዩ፣ የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ አዩ። እኔ ጋ ሲደርሱ አላቆሙም። አቶ ግርማ «በየነ፣ ወንድማችን...» ከማለታቸው «ወንድም ጋሼ!» ብለው በትከሻቸው ላይ ወደቁ። አንዳች ማስመሰል አልነበረበትም። ለዚያች ሰዓት ያቆዩት እውነተኛ እንባ ነበር፤ ለእኛም ብለው አቆዩት። ሳራ አባቷን አቅፋ አለቀሰች። አቶ ግርማ ኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አየሽ፣ በአግባቡ ስለተነገረው ልቡ ቻለው» አሉኝ። «እሺ፣ ልክ ነዎት» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ በዚያ ወንበር መጀመሪያ የተቀመጠችው ሳራ ናት፤ ሙሉ ግቢው በመስኮት እያያቸው ወጡ። እኔንም ሁለት በጋ አንሸራሽረውኛል። ወንበሩ ለወገቤ አልተመቸኝም፣ ለእኔ ተለክቶ የተሰፋ አይደለም። ይህንንም ነግሬያቸው ተጨቃጭቀናል።

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው። ያችው «አሁኑኑ የማወቅ መብት አለው» ብላ የጮኸችው ሳራ፣ በማታወራው ቋንቋ ቁርስ በልተሻል ብላ መልሴን ትጠብቃለች።

«አልበላሁም» አልኳት።

«እንግዲያው ብዪ» አለች፣ አሁን በስዊድንኛ። «እጠብቃለሁ።»

ዳቦዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቆረስኩ፣ አኘክኩ። በውሃ አወረድኩት። ሳራ ስልኩን አልዘጋችም፣ ትንፋሿ ይሰማኛል። አልቸኮልኩም። እያኘክሁ እስካለሁ ድረስ ጋሽ በየነ ፊቲያ ናቸው፣ ሥራ ሊጀምሩ እጃቸውን እየታጠቡ ናቸው። ዳቦው አለቀ። ከጠረጴዛው ላይ ፍርፋሪውን በጣቴ አንድ በአንድ ለቅሜ በላሁ፣ እሱም አለቀ።

«በላሁ፣ ሳራዬ» አልኳት። «በይ አሁን ንገሪኝ።»